ከተራራው ጀርባ የሚሰማ ሽቦ

ሐምሌ 3፣ ሰኞ

ይህ ደብተር የአንቴና ደብተር ነው። ጻፊ ያሉኝ ካፒቴን ናቸው። “የሰቀልሽውን፣ ያወረድሽውን፣ የሰማሽውን ጻፊ፤ አለዚያ አንዱን ስህተት ስትደጋግሚ ትኖሪያለሽ” አሉኝ። ካፒቴን መርከብ ነድተው አያውቁም፤ የመርከብ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበሩ። ግን የሬዲዮ ክበባችን ሊቀመንበር ከሆኑ ጀምሮ ሁላችንንም እንደ መርከበኛ ስለሚያዙን ስሙ ወጣላቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ዛሬም ድምፃቸው መስኮት ያንቀጠቅጣል።

ስለዚህ እዚህ የሚጻፈው ስለ ሽቦ ብቻ ነው። ስለ ቤተሰብ አይጻፍም።

ያለኝ አንቴና አንድ ነው፦ ጣሪያችን ላይ በተተከለ ቀርከሃ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ አሥር ሜትር ሽቦ። ለሩቅ ወደር የለውም። ዛሬ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖረውን ንብ አርቢ ማዶ ለማዶ እንደተቀመጥን ሆነን አወራሁት። ለቅርብ ግን ደንቆሮ ነው። ከተራራው ጀርባ ያሉትን ጣቢያዎች፣ ሰማንያ ኪሎ ሜትር እንኳ የማይርቁትን፣ አንዱንም አልሰማም። የክበባችን ውድድር ለቅርቡም ለሩቁም ነጥብ ስለሚሰጥ ሌላ ሽቦ መምረጥ አለብኝ። ምክንያቱ ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት የለም።

ሐምሌ 5፣ ረቡዕ

ዝናብ። ተራራው ላይ የነበረው የስልክ ማማ መሬቱ ተንሸራቶ ከወደቀ ዛሬ ስምንተኛ ቀኑ። መንገዱም ተዘግቷል። ባሌ አናጺ ነው፤ ከቤታችን ጓሮ ሳንቃ እያላገ በየሰዓቱ ብቅ ይላል።

“ስልኩ መቼ ይሠራል አሉ?”

“እኔ ምን አውቄ! ከስልክ ማዞሪያ ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመቴ” አልኩት።

“አይ፣ ድንገት ያወራሽው ሰው ካለ ብዬ ነው” ብሎ ተመለሰ።

እሱን ያሳሰበችው ልጃችን ናት። አዋላጅ ነርስ ናት፤ ከአራት ወር በፊት ከተራራው ጀርባ ወዳለ ክሊኒክ ሄዳለች። ደህና ናት። ክሊኒክ ውስጥ ያለ ሰው ምን ይሆናል?

(ስለ ቤተሰብ አይጻፍም ብዬ ነበር። ይኼ ስለ ስልክ ማማው ነው።)

ሐምሌ 9፣ እሑድ

ዛሬ የሰማሁትን ልጻፍ።

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ንብ አርቢውን አገኘሁት። ስለ ቀፎዎቹ ሲያወራኝ ቆየና በመሃል፣ “እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እንዳይቀየሙኝ” አለኝ።

“ጠይቀኝ።”

“ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አንዲት ልጅ የእርስዎን የሬዲዮ መለያ ትጠራለች። ሳምንት ሊሆናት ነው። ድምፅዋ ደከም ያለ ነው፤ እኔ ጋ ግን ይደርሳል። አሥር ደቂቃ ያህል ትጠራና ትዘጋለች። ለምን አይመልሱላትም?”

“የእኔን መለያ? ተሳስተህ እንዳይሆን።”

“ፊደል በፊደል እኮ ነው የምትጠራው። አንዳንዴም ‘እማ፣ ትሰሚኛለሽ?’ ትላለች።”

ማይኩ ከእጄ ወደቀ። ስትሄድ ትንሿን ሬዲዮዬን ይዛ ነው የሄደችው። የራሷ ፈቃድ አላት፤ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዝናብም ቢሆን በረዶም ቢሆን ሬዲዮዬን እንደምከፍት ከእኔ የበለጠ ታውቃለች። እኔም ሳላሳልፍ ስከፍት ነበር። ተቀምጬ ነበር! ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ባዕድ የሚሰማትን ልጅ እኔ እናቷ ከአንድ ተራራ ወዲህ ሆኜ አልሰማትም። ጉድ እኮ ነው!

ንብ አርቢው፣ “ነገ ስትጠራ ልንገራት? እናትሽ አልሰማችሽም እንጂ አለች ልበላት?” አለኝ።

“የለም! ምንም እንዳትላት። ራሴ ነኝ የምመልስላት” አልኩት።

የእናትና የልጅ ነገር በሦስተኛ ሰው አፍ አይነገርም። ደግ አደረግሁ። ሆን ብላ ነው የማትመልሰው ብላ ታስብ ይሆን? አታስብም። ምን አድርጌያት? ስትሄድ “ደህና ግቢ” ነው ያልኳት።

ሐምሌ 10፣ ሰኞ

ሁለት ሰዓት። ጆሮዬን ማዳመጫው ላይ ለጥፌ። ጫጫታ ብቻ። አንዴ ድምፅ መሰለኝ። የባሌ መጋዝ ነው።

ሐምሌ 12፣ ረቡዕ

ካፒቴን በጃንጥላ መጡ። ነገሩን ሁሉ አልነገርኳቸውም፤ ከተራራው ጀርባ መስማት እፈልጋለሁ ብቻ አልኳቸው። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሥዕል ሣሉልኝ። አንዱ ከጣሪያ ወደ መሬት የሚያዘቀዝቅ ረጅም ሽቦ። አንዱ እንደ ቤት ክዳን በሁለት ጎን የሚወርድ። ሦስተኛው አግድም የተወጠረ፣ ግራና ቀኝ አሥር አሥር ሜትር ክንድ ያለው፣ ኬብሉ መሃሉ ላይ የሚገባ።

“የቱን ልምረጥ?”

“አግድሙን። ግን ዋናው ቅርጹ አይደለም፤ ከፍታው ነው። ሃምሳ ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬያለሁ፤ ዝቅ ብሎ የከበረ ሽቦ አላየሁም። ካልሰማሽ፣ ከፍ አድርጊ። አሁንም ካልሰማሽ፣ አሁንም ከፍ አድርጊ!”

እውነታቸውን ነው። ይህን የማያውቅ የሬዲዮ ሰው የለም። ዝቅ ያለ አንቴና ምሰሶ ለሌለው ምስኪን ነው።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ፎቅ አምስት ደርብ ነው፤ ባለቤቷ የጥርስ ሐኪም ናት። ሄጄ ለመንኳት። “ሽቦው ታካሚዎቼን አይነዝርም?” አለችኝ። አይነዝርም አልኳት። “እንግዲያው እሰሪ፤ ብቻ ስወጋቸው ሲጮኹ ወደ ሬዲዮሽ እንዳይገባ” ብላ ሳቀች። ሌላኛው ጫፍ ከእኛ ግቢ ጀርባ ባለው የውሃ ማማ ላይ ይታሰራል። ሃያ ሜትር ከፍታ! የከተማው ሬዲዮ ሰው ሁሉ በቅናት ይሞታል።

ሐምሌ 15፣ ቅዳሜ

ሰቀልነው! ባሌ መሰላል ያዘ፣ ካፒቴን ከታች አዘዙ፣ እኔ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ የውሃ ማማ ላይ ወጣሁ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየኝ። ማን ከማን ያንሳል!

ከምሳ በኋላ ከፈትኩት። ኧረ ተዉኝ! ሰባት አገር በአንድ ቁጭታ። አንዱማ “ጎረቤቴ ነሽ እንዴ?” አለኝ፤ በመሃላችን ባሕር አለ። ካፒቴን አገጫቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ “ምን አልኩሽ?” አሉ። ሳቅሁ፤ አጨበጨብኩ። ባሌ ብቻ እጁን በመሐረብ እየጠረገ፣ “እሷስ?” አለ።

“ነገ ጠዋት” አልኩት።

ሐምሌ 16፣ እሑድ

የለችም። ከበፊቱም ብሷል፤ ያ ድምፅ የመሰለኝ ነገር እንኳ የለም።

ሐምሌ 17፣ ሰኞ

የለችም።

ሐምሌ 19፣ ረቡዕ

ገመዱን አጠበቅሁ። ኬብሉን ቀየርኩ። መጋጠሚያዎቹን በሙሉ እንደገና በስታኞ በየድኳቸው። ሩቁ ይንጎራጎራል፣ ቅርቡ ዝም።

ከሰዓት ካፒቴንና ባሌ በመስኮቱ ሥር ቆመው ሲያወሩ ሰማኋቸው። እንደምሰማ አላወቁም።

“ሽቦውን አይደለም የምትፈልገው” አለ ባሌ።

“አውቃለሁ። ደንቆሮ አይደለሁም” አሉ ካፒቴን፤ ሊያንሾካሹኩ ሞክረው ነበር። “ምን ብላት ነው ግን ልጅቷ ሳትደውል የቀረችው?”

“እሱን እንኳ እሷው ትንገርዎት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።”

ቆሽቴ አረረ። በሰው ፊት ምን አስወራው! ራት ላይ አላናገርኩትም። እሱ ግን ሳይከፋው ሰሃኑን አጠበና፣ “ነገም ትሞክሪያለሽ አይደል?” አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬ እንዴት እንደምጣላው ገና አላወቅሁበትም።

ልጅቷ አልደወለችም የሚለውም ልክ አይደለም። እኔም አልደወልኩም።

ሐምሌ 22፣ ቅዳሜ

ተሸነፍኩ። ንብ አርቢውን ጠርቼ፣ “ንገራት። እናትሽ እየፈለገችሽ ነው በላት” አልኩት።

“እትዬ፣ ከማክሰኞ ወዲህ እኔም አልሰማኋትም” አለኝ። “ማክሰኞ የመጨረሻውን ስሰማት፣ ባትሪው እንዳያልቅ ኃይሉን ልትቀንሰው እንደሆነ ተናግራ ነበር። ‘እስከ ወሩ መጨረሻ እናቴን እጠራታለሁ፤ ከዚያ ባትሪው ለክትባቱ ማቀዝቀዣ ይገባል፤ የክሊኒኩ ጄነሬተር ነዳጅ ጨርሷል’ ብላለች።”

“ማክሰኞ ሰምተህ እስከ ዛሬ ዝም አልከኝ?”

“ምንም እንዳትላት ብለውኝ፣ እርስዎ የሚያገኟት መስሎኝ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

እሱ ምን አጠፋ? ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ቃል ሊያደርስልኝ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ እኔ ነኝ በሩን በፊቱ የዘጋሁት። ይበለኝ! የእናትና የልጅ ነገር በሦስተኛ ሰው አይነገርም አልኩ። ኩራቴን እኮ ነው ያዳንኩት፤ ልጄን አይደለም።

ስምንት ቀን ቀረ።

ሐምሌ 23፣ እሑድ

ዛሬም የለችም። ካፒቴን፣ “ከፍ አድርጊው” አሉ። የውሃ ማማው ላይ አራት ሜትር ብረት ጨመርንበት፤ በወዲያ በኩልም ሐኪሟ ጣሪያ ላይ እንዲሁ። ሃያ አራት ሜትር። ባሌ ከታች ሆኖ፣ “እልህ ምላጭ ያስውጣል!” እያለ ጮኸ። ዋጥኩት።

ሐምሌ 24፣ ሰኞ

ከምድር ዳርቻ ያለ ሰው ስለ ውሻው አጫወተኝ። ልጄ የለችም።

ሐምሌ 26፣ ረቡዕ

ሌሊት ነፋስ ተነሳ። ጣሪያው ሲያጓራ አደረ። ንጋት ላይ ስወጣ የማማው ብረት እንደ ክር ተጣሟል፣ የሐኪሟም በኩል ገመዱ ተበጥሷል፣ ሽቦዬ በሙሉ ግቢያችን ውስጥ ተዘርግቷል። ባሌ ለማድረቅ የደረደራቸው ሳንቃዎች ላይ፣ በሰው ትከሻ ቁመት፣ እንደ ታጠበ ልብስ ተሰጥቷል። ኬብሉ ከመሃሉ ግማሽ በግማሽ ተነቅሎ በአንድ ጅማት ተንጠልጥሏል።

ሳንቃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ዝናብ ስለነበር ማንም አላወቀብኝም። ባሌ ግን ኮቱን አምጥቶ ትከሻዬ ላይ ጣለው።

አራት ቀን። አለቀ።

ሐምሌ 27፣ ሐሙስ

ሰማኋት!!!

ሰማኋት። ሰማኋት።

ረጋ ልበል። ሬዲዮውን የከፈትኩት ከልምድ ነው፤ ኬብሉ እስከ መጨረሻው መበጠሱን ላረጋግጥ። ሁለት ሰዓት ከሁለት። መለያዬ፣ ፊደል በፊደል። ያ የራሷ አነጋገር፣ መጨረሻውን ፊደል ትንሽ የምትጎትተው። “እማ፣ ዛሬም ጠርቼሻለሁ። ደህና ነኝ። ዝናቡ በርትቷል።” እንደዚህ ጥርት ብሎ፣ ማዶ ክፍል ያለች ያህል! ባሌን ጠራሁት፤ መጋዙን እንደያዘ ሮጦ ገባ። ሁለታችንም ቆመን። “አባዬንም ሳሚልኝ” አለች። ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

መመለስ አልቻልኩም። ኬብሉ በአንድ ጅማት ነው ያለው፤ እንደዚያ ሆኖ ብልክ ሬዲዮው ይቃጠላል። ማይኩን ጨብጬ “እሰማሻለሁ፣ እሰማሻለሁ” እላለሁ፤ ማይኩ ግን ዝግ ነው። አሥር ደቂቃ ጠርታኝ ዘጋች።

*

ማታ።

ምክንያቱን ደረስኩበት። ካፒቴን “የአየሩ ዕድል ነው” አሉኝ፤ ዕድል አይደለም። ከሰዓት ባሌ ሳንቃው ላይ የተረጨውን ጭቃ በውሃ ጎማ ሲያጥብ እያየሁት ነበር። ጎማውን አዘንብሎ ሲይዘው ውሃው አጥሩን አልፎ መንገድ ላይ ይወርዳል። እኔ አንድ ነገር ስጠይቀው ዞር አለና ሳያስበው ጎማው ወደ ላይ ቀጥ አለ። ውሃው ወጣ፣ ተመለሰ፣ ሁለታችንንም አራሰን።

ከፍ ያለው ሽቦዬ ድምፁን አዘንብሎ ነበር የሚልከው። አድማሱን ታክኮ፣ ተራራውንም ከጀርባው ያለውንም ሁሉ በላይ በላይ እያለፈ፣ ባሕር ማዶ። ቀጥ ያለውም እንደዚያው። ለመሬት የቀረበ አግድም ሽቦ ግን ወደ ላይ ነው የሚረጨው፤ ከላይኛው አየር ተመልሶ ዙሪያችን ላይ ይወርዳል። ተራራም አያግደውም። ለመስማትም ያው ነው። አሮጌ መጽሐፌን ገልጬ አየሁት፤ ተጽፏል! በራሴ እርሳስ ጎኑ ላይ “ለምስኪኖች” ብዬ ጽፌበታለሁ። ከዛሬ ሃያ ዓመት በፊት። ባልሰማኋት ቁጥር ሽቦዬን ከፍ እያደረግሁ ከእሷ ሸሸሁ፤ በየሜትሩ እየራቅሁ።

ሐምሌ 28፣ ዓርብ

ሌሊቱን መሃሉን በስታኞ በየድኩት። ጠዋት ጠራች፤ መለስኩላት፤ አልሰማችኝም። መለኪያው ላይ መርፌው እስከ መጨረሻው ተወረወረ፤ የላክሁት ኃይል ወደ ራሴ ይመለሳል፤ ሬዲዮው ራሱን ለማዳን ዘጋ። ሽቦ መሬት አጠገብ ሲሆን እንደረዘመ ይቆጠራል፤ ማሳጠር አለብኝ። ፒንሳ አንስቼ ልቆርጥ ስል ባሌ እጄን ያዘኝ።

“የቸኮለች ጅብ ቀንድ ነከሰች። ስጪኝ እስቲ። የመቁረጥ ሥራ የእኔ ነው።”

በሜትሩ ለካ፤ በእርሳስ ምልክት አደረገ፤ እንደገና ለካ። በየጎኑ አንድ ስንዝር።

ካፒቴን በዚህ መሃል ገቡ። ሽቦውን አዩት፤ ባሌ በሁለት ቋሚ እንጨት ላይ ሦስት ሜትር ከፍታ ላይ ወጥሮታል።

“ይኼ ምንድን ነው?”

“አንቴና።”

“የልብስ ማስጫ ነው! በክበቡ ስም እለምንሻለሁ፤ ሰው ያያል። አውርጂውና እንደገና ከፍ እናድርገው።”

“ካፒቴን፣ ትናንት የሰማኋት በዚህ ነው።”

“ዕድል ነው አልኩሽ!”

ድምፄን ከፍ አደረግሁ። እሳቸው ላይ ጮኼ አላውቅም። “እርስዎ መርከብ ላይ ነበሩ! ከጎንዎ ያለውን ጀልባማ በባንዲራም ይጠሩታል፤ ሽቦዎት የሚፈልገው ሩቁን ወደብ ነው። ሃምሳ ዓመት ልክ ነበሩ። እኔ ግን ወደብ አይደለም የምፈልገው። ከዚህ ተራራ ጀርባ አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ባትሪዋ እሑድ ያልቃል!”

ካፒቴን ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። ከዚያ ኮፍያቸውን አወለቁና ሳንቃው ላይ አስቀመጡት። “መሰላሉን ማን ነው የያዘው?” አሉ። “ስጡኝ፤ እይዛለሁ።”

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መርፌው ወደ ታች ወርዶ ተኛ። በሕይወቴ እንደዚያ የተኛ መርፌ አላየሁም። ካፒቴን ራሳቸውን ነቀነቁ። “አስተማርሽኝ” አሉ። ከሳቸው አፍ!

ሐምሌ 29፣ ቅዳሜ

አልጠራችም።

ሁለት ሰዓት። ሁለት ተኩል። ሦስት። እኔ ጠራኋት፤ ድምፄ እስኪዘጋ ድረስ ጠራኋት። ሽቦው ደህና ነው፤ ከተራራው ጀርባ ሁለት ሌሎች ጣቢያዎች መለሱልኝ፤ ክሊኒኩን አያውቁትም። ባትሪውን ቀድማ ሰጥታ ይሆን? ወይስ ሰልችቷት?

አሁን መሽቷል፤ ባሌ ተኝቷል። እስከ ዛሬ በዚህ ደብተር ውሸት ጽፌያለሁ። “ደህና ግቢ” አላልኳትም።

ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ስትደርስ፣ “ከዚህ በር ከወጣሽ ድምፅሽን መስማት አልፈልግም” ነው ያልኳት። በእነዚህ ቃላት። ሠላሳ ዓመት ስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጬ የሰውን ድምፅ ከሰው ድምፅ ሳገናኝ የኖርኩ ሴት! ፈርቼ ነበር። ሐኪም የሌለበት ክሊኒክ፣ አንዲት አዋላጅ፣ አንድ ጭቃ መንገድ። ልጄ ብቻዋን ነው የምትሆነው። ፍርሃቴን ግን ፍርሃት ብዬ መናገር አልችልበትም፤ ቁጣ ነው የሚሆንብኝ። እሷ መደርደሪያው ላይ ትንሿን ሬዲዮ አየች፤ “ይህን ልውሰድ?” አለች። “ውሰጂ፤ ለምን እንደሚጠቅምሽ እንጃ” አልኳት።

ለዚህ ነበር። ዝም ብዬ እንኳ የሰማኋት ቢመስላት ይሻል ነበር። በየጠዋቱ ስትጠራኝ፣ እማ ቃሏን ጠበቀች እያለች ነው የምትዘጋው።

ነገ የመጨረሻው ነው።

ሐምሌ 30፣ እሑድ

አገኘኋት!

ከመጀመሪያው ልጻፈው፤ አንድም ነገር አይቅር። አንድ ተኩል ላይ ከፈትኩ። ባሌ ከጎኔ፣ ካፒቴን በር ላይ፣ የጥርስ ሐኪሟ ሳይቀር በቤት ጫማዋ ማዶ ተሻግራ መጥታለች። ሁለት ሰዓት ሆነ። ሁለት ከአምስት። ባሌ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያንቋቋል፤ ተው አልኩት። ሁለት ከሰባት ላይ መጣች። ድክም ብሏታል። መለያዬን ጠራች፤ “እማ፣ ትናንት አልጠራሁም፤ መንታ ነበር የማዋልደው፤ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ሦስቱም ደህና ናቸው። እንግዲህ ዛሬ የመጨረሻዬ ነው፤ ባትሪው...”

አላስጨረስኳትም። ሥነ ሥርዓት የለ፣ መለያ የለ፣ “ሰማሁሽ! ልጄ፣ ሰማሁሽ! እናትሽ ነኝ!” ብዬ ጮኽኩ። ክበቡ ይቅጣኝ።

ጫጫታው ብቻ። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ “... እማ?” አለች።

ባሌ እንባውን አልጠረገም። ካፒቴን ወደ ግድግዳው ዞሩ። እኔ ደግሞ ምን ልበል? በወረቀት የጻፍኩት ነበር፤ ወረቀቱ እጄ ላይ ነው፤ አንድ ፊደል አልታይ አለኝ። አፌ ያመጣው የለመደውን ነው፦ “አምስት ዘጠኝ ነሽ” አልኳት። ከዚያ በላይ ጥሩ የለም ማለት ነው፤ በእኛ ቤት ትልቁ ማርክ ነው።

ሳቀች! “ከአራት ወር በኋላ የጥራት ማርክ ትሰጪኛለሽ?” አለች። “አንቺም አምስት ዘጠኝ ነሽ፣ እማ። እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?”

“ሃያ አራት ሜትር ላይ” አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ቀርከሃውን፣ ፎቁን፣ ማማውን፣ ነፋሱን። በየጠዋቱ ተቀምጬ እንደነበር ነገርኳት። “በየጠዋቱ?” አለች። “አንድም ቀን አልቀረሁም” አልኳት። ይህኛው ውሸት አይደለም።

ኃይሉን አስቀነስኳት። አምስት ዋት። ሰማሁ። ሁለት ዋት። ሰማሁ። አንድ ዋት፣ ከእጅ ባትሪ አምፖል ያነሰ፣ አሁንም ሰማሁ! ካፒቴን በሩ ላይ ሆነው “ኧረ ጉድ!” አሉ። በዚህ ኃይል በቀን አምስት ደቂቃ ብታወራኝ ማቀዝቀዣው አያውቀውም። ክትባቱም ይቀዘቅዛል፤ እኛም እንገናኛለን። ጥርስ ሐኪሟ አጨበጨበች።

ያን ጊዜ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ከተራራው ጀርባ ያሉት እነዚያ ሁለቱ ጣቢያዎች እያዳመጡ ነው፤ ሌላም ስንቱ እንደሚያዳምጥ እኔ አላውቅም። ያድምጥ።

“ልጄ፣ ስትወጪ በር ላይ ያልኩሽን ታስታውሻለሽ?”

“አስታውሳለሁ።”

“ውሸቴን ነው። ፈርቼ ነው። ድምፅሽን መስማት እፈልጋለሁ። ከዚህ ዓለም ድምፅ ሁሉ የምፈልገው ያንቺን ነው። ይቅር በይኝ።”

ማይኩን ለቀቅሁ። ጫጫታ። ብዙ ቆየ። መርፌው አይንቀሳቀስም። ጠፋች ብዬ ወደ ሽቦው በመስኮት ተመለከትኩ፤ እንደተወጠረ ነው።

“እማ” አለች በመጨረሻ፤ አፍንጫዋ ተደፍኗል። “የመጨረሻው አልገባኝም። ድገሚው።”

“አሁን አምስት ዘጠኝ ነሽ አላልሽኝም?”

“ነሽ። ድገሚው።”

ባሌ ፊቱን በኮፍያው ሸፍኖ ይስቃል። ደገምኩላት። “አሁንም አልገባኝም” አለች።

ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ሦስቱንም ጊዜ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።